ርካሿን ወደድኳት

ለዋጋም ለነውርም አንድ ቃል ይበቃል ብሎ የወሰነው ማንም ይሁን ማን፣ ለዚህች ልጅ አላሰበላትም። ርካሽ ጫማ ይባላል፤ ርካሽ ሰውም ይባላል። ጫማው የኪስ ጉዳይ ነው፣ ሰውዬው የክብር። ሁለቱን የሚለይ አጥር ግን የለም። አንዱ ስለ ዋጋ ብሎ የጻፈውን ሌላው ስለ ክብር አድርጎ ቢያነበው ከሳሽም ዳኛም አይገኝም። የሚገኘው የሚስቅ ሰው ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ የትም አይጠፋም።

ቅዳሜ ረፋዱ ላይ አውቶቡሱ የወይን እርሻው በር ላይ ሲቆም መጀመሪያ የወረደው ሰውዬ ባርኔጣውን አስተካክሎ፣ እንግዳ ልትቀበል የቆመችውን ልጅ ከእግር እስከ ራሷ አይቶ፣ «እና ርካሿ አንቺ ነሽ?» አላት።

አውቶቡሱ በሳቅ ተናጋ። የገዛ ሚስቱ ሳትቀር ሳቀች።

«ርካሿ ምድር ቤት ናት» አለች ልጅቷ አብራ እየሳቀች። «ደረጃው ያንሸራትታል፣ ቀስ ብላችሁ ውረዱ። ቅምሻ በመጨረሻ ነው፣ አትቸኩሉ።»

የእርሻው ባለቤት ልጅ ናት። ጎብኚ የምታስጎበኘውም እሷ ናት። ከሐረጉ ትጀምራለች፣ በመጭመቂያው ታልፋለች፣ በርሜሎቹ ወደተኙበት ምድር ቤት ትወርድና መጨረሻ ላይ ብርጭቆ ትደረድራለች። ሁልጊዜ «ቅምሻ በመጨረሻ ነው» ስለምትል ሠራተኞቹ ስሟን ትተው ቅምሻ ይሏታል። ያን ስም ትወደው ነበር። ሰው ሲያወጣላት ሰምታ የሳቀችበት ስም ነው። «ርካሿ» የሚለውን ግን ማንም አላወጣላትም፤ ከጋዜጣ ላይ ወርዶ ተለጠፈባት።

የሽያጩን ጠረጴዛ የምትጠብቀው አክስቷ እንግዶቹ እስኪያልፉ ጠብቃ እጇን ያዘቻት። «ይቺ ጥርስሽ እስከ ማታ ትችለዋለች?»

«ትችለዋለች እቴቴ። ለምዳለች።»

«ጥርስ ቢለምድ ዓይን አይለምድም። ዓይንሽን አይቼዋለሁ እኮ።»

ቅምሻ እጇን አስለቀቀች። ወደ ሐረጎቹ መካከል ገባችና ስለ ቅጠልና ስለ ፀሐይ ታወራ ጀመር። ድምጿ ጤነኛ ነበር። ደረቷ ውስጥ ግን የሆነ ነገር ሰው እንዳይሰማው ቀስ ብሎ ይሰነጠቅ ነበር።

*

ያን የጋዜጣ ጽሑፍ የጻፈው የምትወደው ሰው ነው።

በየሳምንቱ «ከኪስ የማይጣላ ብርጭቆ» በሚል ርዕስ ለአንድ ጋዜጣ ይጽፋል። ሥራው ቀላል ይመስላል፤ ጠላት ግን ያፈራል። ወይን ጠጅ ለደመወዝተኛ አይሆንም ብለው የሚያምኑ ሰዎች አሉ። ብርጭቆውን በሁለት ጣት ይዘው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ የጠርሙሱን ዋጋ ይጠጣሉ። እሱ የሚጽፈው በእነሱ ላይ ነው። የትኛው ሱቅ ምን ጥሩ ነገር በትንሽ ዋጋ እንዳለው ይጠቁማል። የትኛው መጥመቂያ እንግዳ በደግ ፊት እንደሚቀበልም ይናገራል። ጎብኚ ከቻለ በአዘቦት ቀን ይሂድ፣ ቅዳሜ ሰው የሚያየው የሰው ጀርባ ነው ይላል። የቀመሱትን መትፋት ነውር እንዳልሆነ፣ ያልገባን መጠየቅ እንደማያሳፍር ይጽፋል።

ራሱም መጀመሪያ የመጣው በአዘቦት ቀን፣ ብቻውን ነበር። ጉብኝቱን ጨርሳ ወርቃማ ወረቀት የተለጠፈበትን ጠርሙስ ከፈተችለት።

«ይሄ ከሁሉ የተከበረው ነው» አለችው።

«ማን አከበረው?»

«ዋጋው።»

ሳቀ። ሳቁ ድንገተኛ ነበር፣ እንደሚነቀል ቡሽ። «እናንተስ? እናንተ ምሳ ላይ ምን ትጠጣላችሁ?»

ይህን ጠይቋት የሚያውቅ እንግዳ የለም። ለአፍታ አየችውና ወደ ኋላ ክፍል ገብታ ሠራተኛው ምሳ ላይ የሚቀዳበትን፣ ምንም ያልተለጠፈበትን ጠርሙስ አመጣች። ብርጭቆውን ወደ አፍንጫው አስጠግቶ ደጋግሞ አሸተተው። «ምነው፣ አልወደድከውም?» አለችው።

«ቤታችን ቤታችን ይሸታል» አለ።

አባቱ እዚሁ እርሻ ውስጥ ጠርሙስ አጣቢ ነበር። ማታ ሲገባ እጁ በማጠቢያ ሶዳ ተሰነጣጥቆ፣ በኮቱ ኪስ ውስጥ ከምሳ የተረፈችውን ወይን በትንሽ ጠርሙስ ይዞ ይመጣል፤ ለሚስቱ በሻይ ብርጭቆ ይቀዳላታል። ይህን ሲነግራት አላፈረም፣ አላዘነምም። ወዲያው ደግሞ ቡሹን አገላብጦ አየና፣ «ይሄን ሞልታችሁ ስትዘጉ ቡሹ ሳይጠብቅ ጠርሙሱን ቀድማችሁ በጎኑ ታስተኙታላችሁ» አላት።

«አናስተኛውም።»

«ታስተኙታላችሁ። ቡሹን እዪው፣ ጎኑ ሁሉ ወይን ዘልቆበታል።»

አየችው። ልክ ነበር። ተናደደች፤ ተናዳም ሳቀች። የባለቤቱ ልጅ ናትና በዚያ ግቢ ውስጥ ተሳስተሻል ብሏት የሚያውቅ አልነበረም። እሱ ግን ከሁሉ ጋር ይከራከራል። ከአውቶቡስ ረዳት ጋር ይከራከራል፣ ከሐኪም ጋር ይከራከራል፣ ዝናብ ቢጥል ከዝናቡም ጋር ይሟገታል። ደግሞም አይሸነፍም። ያኔ ይሄ ጣፈጣት። የሚያሸንፍ ሰው አጠገብ መቆም ይሞቃል፤ ብርዱ የሚመጣው በአንፃሩ የቆሙ ዕለት ነው።

ያን ወቅት ሙሉ ተመላለሰ። ዘለላው ሲቆረጥ ነበረ፣ ሲጨመቅ ነበረ። እሷ ለእንግዳ ስታስረዳ እሱ ከኋላ ቆሞ ያያታል፤ ዓይኖቻቸው በሰው ትከሻ ላይ ይገናኛሉ። አንድ ቀን «አባትሽ ቢያውቅስ?» አላት።

«ያውቃል። ዝም የሚለው ያላወቀ ለመምሰል ነው።»

«የጠርሙስ አጣቢው ልጅ መሆኔንስ?»

«እሱንማ ከሁሉ ቀድሞ አወቀ» አለችና ፊቷን ወደ ሐረጉ መለሰች፤ ማፈሯን እንዳያይባት።

ከዚያ ጻፈ። ስለዚያች ወረቀት ስላልተለጠፈባት ወይን ጻፈ። እንዲህ ብሎ፦

«በዚህ ቤት ብዙ ቀመስኩ። ወርቅ የለበሰች አለች፣ ስሟ በውጭ ፊደል የተጻፈላት አለች። እኔ ግን ርካሿን ወደድኳት። አትኮራም፣ አታስጠብቅም። ጌታውም ሠራተኛውም እኩል ያውቃታል። አንዴ የቀመሳት ሰው ተመልሶ መምጣቱ አይቀርም።»

በፍቅር ነው የጻፈው። ሰው የሚወደውን ነገር ወንዱንም «እሷ» ብሎ ያቆላምጠው የለ? እሱም ወይኗን አቆላመጣት። ነገር ግን ሰውዬው ወቅቱን ሙሉ ከማን ጋር ሲሳሳቅ እንደከረመ ያላየ አልነበረም። አንባቢውም «ያውቃታል» የሚለውን ሲያይ ስለ ወይን አላሰበም። ልጅቷ ራሷ ስታነበው ለአንዲት ትንፋሽ ያህል ጉንጯ ግሎ፣ ስለ እኔ ነው ብላ ነበር። የሚያሳዝነው ደስ ብሏት መሆኑ ነው።

*

አባቷ ወሬውን የሰማው ፀጉር አስተካካዩ ጋ ተቀምጦ ነው። ጋዜጣውን ጮክ ብሎ የሚያነብ አንድ ሥራ ፈት ነበር፤ ተራ ጠባቂዎቹም ነበሩ። «ጌታውም ሠራተኛውም» ላይ ሲደርስ አንዱ ሳቁን መቆጣጠር አቃተው። አባቷ ተነሥቶ ወጣ። ግማሽ ፊቱ ተላጭቶ፣ ግማሹ በአረፋ እንደተሸፈነ፣ ፎጣው አንገቱ ላይ እንደተንጠለጠለ፣ መንገዱን ሙሉ እንዲያ ሆኖ መጣና የምግብ ጠረጴዛው ላይ ተቀመጠ።

«አባቱ ጠርሙሴን ያጥብ ነበር» አለ። «ልጁ ስሜን ያቆሽሻል።»

«አባዬ፣ የጻፈው ስለ ወይኑ ነው።»

«ስለ ወይኑ መሆኑን አውቃለሁ!» ጠረጴዛውን መታው፤ አረፋ ተፈናጠረ። «ማንበብ የማልችል መሰለሽ? እኔ ባውቅ ምን ይጠቅማል? ፀጉር ቤቱ አያውቅም። መንገዱ አያውቅም።»

አክስቷ ፎጣውን ከአንገቱ ወሰደች። «ወንድሜ፣ ቁጣው ይቆይሃል፤ አረፋው ግን እየደረቀ ነው» ብላ ፊቱን ትጠርገው ጀመር። እንደ ሕፃን ተጠረገ። ከአረፋው ሥር የወጣው ፊት የተቆጣ ሰው ፊት አልነበረም፤ የተመታ ሰው ፊት ነበር።

ቀስ ብሎ ተናገረ። «ይቅርታ በሉኝ አልልም። እግሬ ላይ ይውደቅም አልልም። አንድ ቃል ነው። ቃሉን ያንሳና ሌላ ቃል ያስቀምጥ። ቃል መፈለግ ሥራው አይደለም? ያኔ በዚህ በር ይግባ።» ከዚያ ልጁን ሳያያት፣ ባዶውን የጠረጴዛ ጥግ እያየ፣ «ወንበር አለ» አለ።

ቅምሻ አባቷን ታውቀዋለች። በዚህ ሰው ቋንቋ «ወንበር አለ» ማለት ልጄን ሰጥቻለሁ ማለት ነው። ወጥታ ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች። ለመጀመሪያ ጊዜ ደስታዋ የአንድ ቃል ርቀት ብቻ ቀረው፤ እጇን ብትዘረጋ የምትነካው መሰላት።

*

የጋዜጣው ቢሮ ፎቅ ላይ ነው። ከወረቀት ብዛት መስኮቱ ግማሽ ድረስ የተሸፈነ ክፍል። ሲያያት ከወንበሩ ብድግ አለ፤ ሰዎቹ እንዳይሰሙ ደረጃው መታጠፊያ ላይ ይዟት ወጣ።

ነገረችው። ስለ ፀጉር ቤቱም፣ ስለ ወንበሩም።

«ሌላ ቃል?» አለ። «ምን ልበል? ‹ዋጋዋ ተመጣጣኝ›? እሱ የባንክ ቋንቋ ነው።»

«የባንክ ይሁን።»

«አይሆንም! ርካሽ ለምን ስድብ ሆነ? እስቲ ንገሪኝ። ድሃ የሚገዛው ስለሆነ ነዋ! ሀብታሙ ቃሉን አቆሸሸው፤ አሁን ደግሞ አንተ አጥበህ አምጣልኝ ይለኛል። አባቴ ዕድሜውን ሙሉ አጠበለት፣ እኔም ልጠብለት?»

ቃላቱ ደረጃው ላይ ያስተጋባሉ። ያምሩ ነበር። ሁለት ሠራተኞች ሲያልፉ ቆም ብለው ሰሙት፤ አንዱ ራሱን ነቀነቀ።

«ልክ ነህ» አለችው።

«ልክ ከሆንኩማ...»

«ልክ ነህ አልኩህ እኮ። ማን ካደህ? ልክነትህን ልቀማህ አልመጣሁም። ቅዳሜ ቅዳሜ ከአውቶቡስ የሚወርድ ሰው ሁሉ በዚያ ስም ይጠራኛል። እኔ እስቃለሁ። እየሳቅኩ ደረጃውን አሳየዋለሁ፣ እየሳቅኩ እቀዳለታለሁ።» ድምጿ ወረደ። «ደከመኝ። ሌላ ክርክር የለኝም። ደክሞኛል።»

ያኔ ክርክሩን ተወ። አያት። ከተዋወቁ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳያሸንፍ ያያት መሰላት። ቀለም የነካው ጣቱን አንስቶ የእጇን አንጓ ነካው።

«እጽፈዋለሁ» አለ። «ለአንቺ ብዬ።»

«ከመውጣቱ በፊት ታነብልኛለህ?»

«ላንቺ ሳላነብ ለማን አነባለሁ?»

ደረጃውን ስትወርድ መደገፊያውን አልያዘችም። አንጓዋ ላይ የቀረውን የቀለም ምልክት እንዳይጠፋባት እጇን ከደረቷ አስጠግታ፣ ልጅ እንዳቀፈች እናት በጥንቃቄ ወረደች።

*

ጽሑፉን ሳያነብላት አወጣው።

ጋዜጣ የሚወጣበት ቀን ነበርና አባቷ ሳያገኘው ልታየው ብላ ከጋዜጣ አዟሪው ዘንድ ሄደች። አዟሪው ገና ከሩቅ ሲያያት ሳቁን ዋጠ። ርዕሱ በትልቁ ተጽፎ ነበር፦ «ቃሌን አላነሳም»።

እዚያው ቆማ አነበበች።

«አንድ አባት ቃሌን እንዳነሳ ጠይቆኛል» ይላል። «የቱን? አባቴ በዚያ ግቢ ጠርሙስ ሲያጥብ ርካሽ ጉልበት ይባል ነበር። ቃሉ ይነሳለት ብሎ የተቆጣ ጌታ አልነበረም። ዛሬ ቃሉ የጌታውን ደጅ ሲረግጥ ነው ነውር የሆነው። ጌታው ሆይ! ለደመወዝተኛ የሚሆን ወይን መጥመቅ አያሳፍርም። የሚያሳፍረው ሴት ልጅን ከጠርሙስ ጋር በአንድ መደርደሪያ አስቀምጦ፣ የአንደኛዋ ዋጋ ሲነገር ስለ ሌላኛዋ የሚደነግጥ አባት መሆን ነው።»

ደግማ አነበበችው። ግሩም ጽሑፍ ነበር። ከጻፋቸው ሁሉ ይሄ ይበልጣል። የሌላ ሰው ልጅ ብትሆን ታጨበጭብለት ነበር።

እስከዚያ ቀን ድረስ ሰዉ በሹክሹክታ ነበር የሚያወራው። ስለ ወይኑ ነው የሚልም ነበረ፣ ስለ ልጅቷ ነው የሚልም። ሁለተኛው ጽሑፍ ጥርጣሬውን ገላገላቸው። ሴት ልጅ አለች፣ መደርደሪያ አለ፣ ዋጋ አለ። በገዛ እጁ፣ በጥቁር ቀለም፣ በሚያምር ዓረፍተ ነገር አስቀመጣት። ሊሟገትላት ብሎ ለገበያ አወጣት። ክፉ ሰው ቢያደርገው ክፋቱን ትጠላው ነበር። ይሄኛው ግን ክፋት አልነበረውም። የሚጠላ ነገር ፈልጋ አጣችበት።

«ዛሬ ልክ ልኩን ነገረው አይደል?» አለ አዟሪው፣ ሳቁን መቻል አቅቶት።

«ነገረው» አለች። ጋዜጣውን አጥፋ በብብቷ ያዘችና እግሮቿ የሌላ ሰው እንደሆኑ ሁሉ እያየቻቸው ሄደች።

አባቷ ጋዜጣውን ቀድሟት አግኝቶ ነበር። መጭመቂያው አጠገብ በተገለበጠ ሣጥን ላይ ተቀምጧል፤ መነጽሩ ጋዜጣው ላይ። ጩኸት ጠብቃ ነበር። ጠረጴዛም አልነበረም፣ የሚመታ።

«አነበብሽው?»

«አነበብኩት አባዬ።»

«ጥሩ ይጽፋል።»

የራሷን ጋዜጣ ከብብቷ አውጥታ መሬት ላይ አኖረችው።

«ልክ ነው እኮ» አለ አባቷ። «ሳስበው ቆየሁ። እንግዳ ሲመጣ በሩ ላይ ያቆምኩሽ እኔ ነኝ። ልጄን አይተው ይግቡ ብዬ ነው። ወርቃማውን ጠርሙስ በቀኝ፣ አንቺን በግራ።» እጆቹን አገላብጦ አያቸው። «ስለ አባቱም ልክ ነው። እጁ ይደማ ነበር። አይ ነበር። ጓንት ይገዛለት አላልኩም።»

«አባዬ፣ ተወው...»

«ይምጣ። ጽሑፉንም አያንሳ። ከእሱ ጋር ልሂድ ካልሽም ሂጂ፤ ምን አፍ አለኝ እኔ?»

በሕይወቷ ሙሉ ይህ ሰው አንድ ቀን ተሳስቻለሁ እንዲል ተመኝታለች። በልጅነቷ ተመኝታለች፣ ከእናቷ ሞት በኋላ ተመኝታለች፣ ባለፈው ሳምንት ተመኝታለች። አሁን አለ። ትከሻው ወርዶ አለ። ይህን ፊት ከዚህ በኋላ ምንም ብታደርግ ቀና አታደርገውም። ልትነካው እጇን ዘረጋችና መለሰችው፤ ብትነካው የሚፈርስ መሰላት።

አክስቷ በር ላይ ቆማ ሰምታ ነበር። ስትወጣ ያዘቻት። «ምን ሆነሽ ነው ፊትሽ እንዲህ አመድ የመሰለው? በሩ ተከፈተ እኮ!»

«አልተከፈተም እቴቴ» አለች ቅምሻ። «ተገነጠለ።»

*

ከሰዓት በኋላ መጣ። ሠራተኞቹ ሐረግ ሲከረክሙ ውለው ዕረፍት ላይ ነበሩ፤ የተቆረጠው ቅርንጫፍ በየመስመሩ ተከምሯል። ከሩቅ ሲያያት እጁን እያውለበለበ መሮጥ ጀመረ። ፊቱ ያበራ ነበር። እንዲህ አምሮ አይታው አታውቅም፤ ይህም በዕለቱ ከደረሰባት ሁሉ ከፋባት።

«አክስትሽን በሩ ላይ አገኘኋት። አባትሽ ይምጣ ብሏል አለችኝ!» አላት ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ እያለ። «አሸነፍን!»

«ማንን?»

ሳቁ እንዳለ ቆመ። «እንዴት ማንን?»

«ማንን ነው ያሸነፍነው? ስሙን ንገረኝ።»

«እንዲህ አታድርጊ። ለአንቺ ብዬ ነው የጻፍኩት።»

«ታነብልኛለህ ብዬህ ነበር።»

«ሰዓቱ ደረሰብኝ፤ ማተሚያ ቤቱ...» አለና አቆመ። ውሸት አይወድም፤ በዚህስ አይታማም። «እውነቱን ልንገርሽ። ባነብልሽ እንዳታስቀሪኝ ፈራሁ። ስጀምር ሌላ ቃል ልፈልግ ነበር የተቀመጥኩት፣ እመኚኝ። ከዚያ የአባቴ እጅ ትዝ አለኝ። ከዚያ አንዱ ዓረፍተ ነገር ሌላውን እየጎተተው መጣ። ሲያልቅ ልክ መሆኑን አወቅኩ።»

«ልክ ነው።»

«ታዲያ!»

«አንድ ቃል ቀይርልኝ አልኩህ። አንተ አባቴን ቀየርከው።» ወደ መጭመቂያው ጠቆመች። «ሄደህ እየው። ሣጥን ላይ ተቀምጧል። አንተ ልክ ነህ፣ እሱም ልክ ነው አለ፣ አዟሪውም ልክ ልኩን ነገረው ብሎኛል። ሁላችሁም ተስማማችሁ። እኔ ብቻ ነኝ የቀረሁት፣ መደርደሪያው ላይ።»

«ያን ያልኩት ከመደርደሪያው ላወርድሽ ብዬ ነው!»

«አውቃለሁ። እኔ ግን ወንበሩን ነበር የፈለግኩት። አባቴ ያለው ወንበር። አንተ እዚያ ተቀምጠህ፣ እሱ ፊት ለፊትህ ተቀምጦ፣ ስለ ዝናብ ስትከራከሩ ልሰማ ነበር የፈለግኩት። ትንሽ ነገር ነበር። ርካሽ ነገር ነበር።»

ዓይኖቹ እንባ ሞሉ። አንድ እርምጃ ቀረባት። ቢያቅፋት፣ ምንም ሳይል እንዲሁ ቢያቅፋት፣ ምን ይሆን እንደነበር እሷም አታውቅም። አፉን ሲከፍት አየችና በልቧ ለመነችው፦ አትናገር። ዛሬ ብቻ፣ ለእኔ ስትል፣ አትናገር።

«ግን አስቢው» አለ። «ቃሉን ባነሳ ኖሮ ወንበሩ የሚሰጠኝ ለእኔ አልነበረም። ለሌላ ሰው ነበር፤ አንገቱን ለደፋ ሰው።»

ጥሩ መልስ ነበር። እውነትም ነበር። እሱም ከአፉ ሲወጣ ጥሩነቱ ተሰማው፤ ፊቱ ላይ ያቺን የምታውቃትን ትንሽ ብርሃን አየች፣ የሚያሸንፍ ሰው ብርሃን። ወዲያው ደነገጠና ሊያጠፋት ሞከረ። አልቻለም።

«አዎ» አለችው። «ለሌላ ሰው ነበር። እሱን ነበር የወደድኩት መሰለኝ።»

ጠራት። ስሟን፣ እናቷ ያወጣችላትን፣ ሠራተኞቹ የተውትን ስም ጠራ። በሐረጎቹ መካከል ሄደች እንጂ አልዞረችም። ብትዞር ተመልሳ አንገቱ ላይ እንደምትጠመጠም ታውቅ ነበር፤ አቅፋውም ልክ ነህ ልትለው፣ ዕድሜ ልኳን ልክ ነህ ስትለው ልትኖር። ከረገጠችው ደረቅ ቅርንጫፍ ሁሉ የሚወጣው ድምፅ ከራሷ ውስጥ የሚወጣ ይመስላት ነበር።

*

በሩ ላይ እንግዶች ቆመዋል። አዛውንት ባልና ሚስት፣ በእግራቸው የመጡ። አክስቷ ዛሬ ጉብኝት የለም ልትላቸው ስትል ቅምሻ ደረሰች።

«አለ» አለች። «ግቡ እናቴ። ደረጃው ያንሸራትታል፣ የባልዎን ክንድ ያዙ።»

አስጎበኘቻቸው። ስለ ቅጠል ነገረቻቸው፣ ስለ በርሜሉ እንጨት ነገረቻቸው። ሽማግሌው ጆሮአቸው ከበድ ስለሚል ሚስታቸው እየደገሙ ይነግሯቸዋል፤ «ሰማሁ እኮ!» ይላሉ እሳቸው፤ «ከሰማህማ ምን አለች?» ይሏቸዋል፤ ዝም ይላሉ። ብርጭቆ ደረደረችላቸው። ከሁሉም ትንሽ ትንሽ ቀዳች።

አሮጊቷ ቀምሰው ብርጭቆውን አስቀመጡና በእናት ዓይን አዩዋት። «ለእኛ ሁሉንም ነገርሽን፣ ልጄ። አንቺስ? ለራስሽ የትኛውን ነው የምትወጂው?»

ሁልጊዜ ለዚህ ጥያቄ መልስ ነበራት። ዛሬ ዓይኗን ወደ ኋላ ክፍሉ በር ላከች።

«እሱ አልቋል» አለች።

«ወይኔ!» አሉ አሮጊቷ። «ሌላ አይመጣም?»

«ምን አለች?» አሉ ሽማግሌው፣ ጆሮአቸውን አቅርበው።

አሮጊቷ ወደ ልጅቷ ቀረቡ። ጠርሙሱን ቀስ ብለው ከልጅቷ እጅ ወሰዱ፣ ጠረጴዛው ላይ አኖሩት፣ በሁለት እጃቸውም ፊቷን ያዙት። ቅምሻ ያኔ፣ በማታውቃቸው ሴት መዳፍ ውስጥ፣ ድምፅ ሳታሰማ ማልቀስ ጀመረች።